ፑንቲና ይብቃኝ ላላችሁ፦ ለድሮ ሞተር የትኛው ኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ ይሻላል?

አንድ ወዳጄ ሰሞኑን ደወለልኝ። "ፑንቲናውን ነቅዬ ኤሌክትሮኒክ ላስገባ ነው። የቱን ልግዛ?" አለኝ። "ኮይልህ ስንት ኦም ነው?" አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ "ለክቼ ልደውልልህ" ብሎ ዘጋው። እሱ እስኪለካ ድረስ፣ ይሄው ጥያቄ ላላችሁ ሁሉ የማውቀውን ልጻፍላችሁ። ለአዲስ ሰው፦ ኮይል የባትሪውን ቮልት ለብልጭታ ወደሚበቃ ከፍተኛ ቮልት የሚያሳድግ ጥቅል ሽቦ ነው፤ ፑንቲና ደግሞ ዲስትሪቢውተር ውስጥ፣ ማለትም ብልጭታውን ለየሲሊንደሩ በሚያከፋፍለው ዕቃ ውስጥ፣ እየተከፈተና እየተዘጋ የኮይሉን ጅረት የሚቆራርጥ መገናኛ ነው። ያለኝ የድሮ ቮልስ ነው፤ ባለ አራት ሲሊንደር፣ በአየር የሚቀዘቅዝ። የሞከርኩትም ያቃጠልኩትም በእሱ ላይ ነው።

መጀመሪያ ፑንቲናን አንበድለው። በደንብ የተስተካከለ ፑንቲና ሞተርን አሪፍ አድርጎ ያስኬዳል። ኤሌክትሮኒክ ስለገባ ብቻ የሚጨመር ጉልበት የለም። "ገጠምኩላት፣ መኪናዋ በረረች" የሚላችሁ ሰው፣ አብዛኛውን ጊዜ የተበላ ፑንቲና ይዞ ሲንገላታ የኖረ ነው። የፑንቲና ችግር እንደተስተካከለ አለመቆየቱ ነው። ያገለገለውን አውጥታችሁ ብርሃን ላይ እዩት። በአንዱ ፊት ጥቁር ጉድጓድ፣ በሌላው ፊት ኪንታሮት የመሰለ ጉብታ ታያላችሁ። ብረቱ በየብልጭታው ከአንዱ ወደ ሌላው እየተሻገረ ነው። ካሙ (ፑንቲናውን እየገፋ የሚከፍተው፣ የሚዞረው ጉብ ጉብ ያለ ዘንግ) ላይ የሚፋተገው ተረከዝ ደግሞ ቀስ እያለ ያልቃል። ተረከዙ ሲያልቅ ክፍተቱ ይጠባል፤ ክፍተቱ ሲጠብ ብልጭታው ይዘገያል። በእኔ ሞተር ክፍተቱ 0.4 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። አንድ ጊዜ ችላ ብዬው ከርሜ ስለካው ግማሹ ብቻ ቀርቶ ነበር።

ሥራው ደግሞ ቀላል አይደለም። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በደቂቃ 6000 ሲዞር፣ ፑንቲናው በሰከንድ 200 ጊዜ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ሞላው ደከም ካለ መንጠር ይጀምራል። ፋብሪካዎቹ ራሳቸው በዚህ ተሰላችተው ነው ነገሩን የተዉት። ክራይስለር እ.ኤ.አ. ከ1973 ሞዴሎቹ ጀምሮ ኤሌክትሮኒኩን መደበኛ አደረገው። ጄኔራል ሞተርስም በ1975 ተከተለ።

እንግዲህ ወደ ዕቃው።

ለአብዛኛው ሰው የምጠቁመው ካፑ (የዲስትሪቢውተሩ ክዳን) ስር ተደብቆ የሚቀመጠውን ትንሽ ሞጁል ነው። በዚህ በኩል በጣም የታወቀው ፐርትሮኒክስ ኢግኒተር ነው። ፑንቲናና አብሮት ያለው ኮንደንሰር (ፑንቲናው ላይ የሚነሳውን ብልጭታ የሚቀንሰው ትንሽ ዕቃ) ይወጣሉ፤ በቦታቸው ሞጁሉ ይታሰራል። ካሙ ላይ ማግኔት የያዘች ቀለበት ትጠለቅለታለች። ቀለበቷ ስትዞር ሞጁሉ ውስጥ ያለው የሆል ሴንሰር ማግኔቶቹ ሲያልፉ ያውቃል፤ በዚያው ልክ የኮይሉን ጅረት ይቆርጣል፣ ይለቃል። የሚነካካ ነገር ስለሌለ የሚያልቅም የለም። ሽቦው ሁለት ብቻ ነው፦ ቀዩ ወደ ኮይሉ ፖዘቲቭ፣ ጥቁሩ ወደ ኔጋቲቭ። እጁ ለዚህ ሥራ ያልተፈታ ሰው እንኳ በአንድ ከሰዓት ይጨርሰዋል። የመኪናው መልክም አይነካም፤ ኮፈን ከፍቶ የሚያይ አዋቂ ሽቦ ካልቆጠረ አይነቃበትም።

የመጀመሪያው ኢግኒተር ግን አንድ ድክመት አለው። ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉ ክፍት ከቀረ ሞጁሉ ይግላል፤ ሊቃጠልም ይችላል። ኢግኒተር 2 ኮይሉ የሚሞላበትን ጊዜ እንደ ሞተሩ ፍጥነት ራሱ ያስተካክላል። ከመጠን ያለፈ ጅረትን ይከላከላል፤ ሽቦ ገልብጣችሁ ብታስሩም ይምራችኋል። ዋጋው ጨመር ቢልም፣ እንደኔ ቁልፍ ረስታችሁ የምትወርዱ ከሆነ እሱን ግዙ።

ሁለተኛው አማራጭ ሉሜኒሽን ነው። የእንግሊዝ መኪና ያላቸው ሰዎች በደንብ ያውቁታል። ኦፕትሮኒክ የሚባለው ዓይነት በማግኔት ፋንታ በኢንፍራሬድ ብርሃን ይሠራል። ክንፍ ያላት ዲስክ ስትዞር ብርሃኑን ትጋርዳለች፣ ትገልጣለች፤ ብልጭታው በዚያ ይታዘዛል። እኔን የሚማርከኝ ግን ሙቀት የሚያመነጨው ክፍል ለብቻው በሳጥን ሆኖ ከዲስትሪቢውተሩ ውጭ መታሰሩ ነው። ኤሌክትሮኒክስ ሙቀት አይወድም። በሌላ በኩል ሳጥኑ ቦታ ይፈልጋል፣ ሽቦውም በዛ ይላል፣ "ምንም እንዳልተነካ ይምሰል" ለሚል ሰው አይሆንም። የዚሁ ድርጅት ማግኔትሮኒክ ደግሞ በሆል ሴንሰር የሚሠራ ነው።

ዲስትሪቢውተራችሁ ካረጀ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ካፑን አንሱና ዘንጉን በጣታችሁ ወደ ጎን ነቅነቅ አድርጉት። ጎልቶ የሚሰማ ጨዋታ ካለ ዘንጉን የሚይዘው ቀለበት (ቡሽው) አልቋል። እዚያ ላይ የቱንም ያህል ጥሩ ሞጁል ብታስሩ ብልጭታው ከሲሊንደር ሲሊንደር ይዛባል። ፍጥነት ሲጨምር ብልጭታውን የሚያስቀድሙት ውስጥ ያሉት ክብደቶችና ትንንሽ ሞላዎችም አብረው ያረጃሉ። እንዲህ ከሆነ ገንዘባችሁን ጠብቃችሁ ሙሉ ዲስትሪቢውተር ቀይሩ። እዚህ ላይ የምጠራው የኔዘርላንዱን 123 ኢግኒሽን ነው። ክብደትና ሞላ የለውም፤ ብልጭታው በየፍጥነቱ ስንት ዲግሪ መቅደም እንዳለበት በውስጡ ተመዝግቧል። በብዙዎቹ ሞዴሎች ላይ በትንሽ ማዞሪያ ከ16 የተመዘገቡ የመቅደሚያ ኩርባዎች አንዱን ትመርጣላችሁ። ቱን ፕላስ የሚባለው ደግሞ በብሉቱዝ ከስልክ ይስተካከላል።

የቮልስ ሰዎች ይሄ ይገባችኋል። ቦሽ 009 ዲስትሪቢውተር ቫኩም፣ ማለትም በሞተሩ መምጠጥ ብልጭታውን የሚያስቀድመው ክፍል፣ የለውም። ከሚኒሞ ተነስታችሁ ነዳጅ ስትረግጡ ሞተሩ ለቅጽበት "እም" ብሎ የሚያመነታው አንዱ ምክንያት እሱ ነው። ፑንቲናውን በሞጁል መተካት ይህን አያድንም። ቫኩም ያለው 123 ያድነዋል፤ ካርቡራቶሩ ራሱ ጤነኛ ከሆነ ማለቴ ነው።

ኤምኤስዲ 6ኤ ስለሚባለው የማቀጣጠያ ሳጥን የሚጠይቁኝም አሉ። ሳጥኑ ኮይሉን ከ400 ቮልት በላይ ይመግበዋል፤ በደቂቃ ከ3000 ዙር በታች ደግሞ በአንድ ፈንታ ተደጋጋሚ ብልጭታ ይሰጣል። ለውድድር ሞተር፣ ትልቅ ካርቡራቶር ለተጫነበት ጥሩ ነው። ሱቅ ደርሶ ለሚመለስ መኪና ግን ዝንብን በመዶሻ ነው። የክራንኩ ፑሌጃ ላይ ባለ 36 ጥርስ፣ አንዱ የጎደለ ዊል አስሮ፣ ብልጭታውን በኤሌክትሮኒክ በሚያዙት በሜጋጆልትና በፎርድ ኢዲስ መሥራትም አለ። ዲስትሪቢውተሩን ጭራሽ ከብልጭታ ሥራ ያወጣዋል። በጣም የሚያምር ሥራ ነው፤ መበየድ፣ ላፕቶፕና ብዙ ቅዳሜ ካላችሁ ግቡበት።

አሁን ያቃጠልኩትን ልንገራችሁ። ከመጀመሪያው ኢግኒተር ጋር የሚመሳሰል፣ ስም የሌለው ርካሽ ሞጁል ገዝቼ ነበር። አስሬ፣ አስነስቼ፣ ሞተሩ ቀጥ ብሎ ሲሠራ ሰምቼ በጣም ደስ አለኝ። ከዚያ ቁልፉን ከፍቼ ትቼ የፍሬቻ መብራት ላስተካክል ገባሁ። ሃያ ደቂቃ ያህል ሳይሆን አይቀርም። ስመለስ ሞተሪኖው ይዞራል፣ ሞተሩ አይነሳም። ካፑን ሳነሳ የቀለጠ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ለሻጩ ጻፍኩለት፤ ዋስትናው ይሄን አይሸፍንም አለኝ። እኔ ግን የመጣልኝ ወረቀት ላይ "ቁልፍ ከፍተህ አትተው" የሚል ቃል አልነበረም። ለማንኛውም የዳንኩት የድሮውን ፑንቲናና ኮንደንሰር በጨርቅ ጠቅልዬ መሳቢያ ውስጥ ስላስቀመጥኩ ነው። በአንድ ካቻቢቴ ወደ ድሮው መልሼ ቤቴ ገባሁ። እናንተም እንዳትጥሉት። ፑንቲና ሲታመም እያስነጠሰ ያስጠነቅቃል፤ ሞጁል ግን ድንገት ነው ጭጭ የሚለው።

ከመግዛታችሁ በፊት የኮይሉን ጉዳይ ጨርሱ። ሽቦዎቹን ነቅላችሁ በመልቲሜትር በፖዘቲቭና በኔጋቲቭ መካከል ለኩ። 3 ኦም ገደማ ከሆነ ለባለ አራት ሲሊንደር ተራ ሞጁል ይስማማል። 1.5 ገደማ ከሆነ ኮይሉ የተሠራው ከባላስት ሬዚስተር (ወደ ኮይሉ የሚገባውን ጅረት ከሚቀንስ መቋቋሚያ) ጋር እንዲሠራ ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ ሞተሩ ሲሠራ 14 ቮልት ቢኖር፣ በ3 ኦም 4.7 አምፔር ገደማ ያልፋል፤ በ1.5 ኦም ከ9 ይበልጣል። ሞጁሉን የሚያበስለው ይሄ ነው። ባላስቱ ካለ ኮይሉ በእሱ በኩል ይመገብ፤ የሞጁሉ ቀይ ሽቦ ግን ከባላስቱ በፊት፣ ሙሉ 12 ቮልት ካለበት ይምጣ። "ሲነሳ ይነሳል፣ ቁልፉን ስለቀው ይጠፋል" ብላችሁ ከተቸገራችሁ መጀመሪያ እዚያ ሽቦ ላይ ተመልከቱ።

የካንዴላ ገመድም አለ። መሐሉ ሙሉ መዳብ የሆነ ገመድ የሚረጨው ጣልቃ ገብ ሞገድ የሆል ሞጁልን ያሳስተዋል፤ የካርቦን ወይም ሌላ ሬዚስተር ያለው ገመድ ተጠቀሙ። በዳሽቦርድ ላይ ያለ የድሮ ዙር ቆጣሪ፣ በተለይ የስሚዝስ አርቪአይ፣ ከገጠማችሁ በኋላ ቢዘባርቅ አትደንግጡ፤ የሚያነበው የኮይሉን ጅረት ስለሆነ ነው። ባትሪያችሁ ፖዘቲቩ በማሳ (በመኪናው ብረት አካል) የታሰረ ወይም ባለ 6 ቮልት ከሆነ ደግሞ ለእሱ ብቻ የተሠራውን እዘዙ። ተራውን ገልብጦ ማሰር አይቻልም።

ታይሚንግ (ብልጭታው የሚነሳበትን ጊዜ) ሳትለኩ ደግሞ ኮፈን አትዝጉ። ሞጁሉ ብልጭታውን የሚለቀው ፑንቲናው በሚከፈትበት ነጥብ ላይ አይደለም፤ ጥቂት ዲግሪ ይለያል። በስትሮብ መብራት እንደገና አስተካክሉ። ለ009 እኔ የማየው ከ3000 ዙር በላይ ብልጭታው 28 እስከ 32 ዲግሪ መቅደሙን ነው፤ ሚኒሞ ላይ ያለው በራሱ ይመጣል።

ይሄን ጽፌ ሳልጨርስ ወዳጄ ደወለ። "1.6 ነው" አለኝ። "ባላስትስ አለ?" "አንድ ነጭ ሴራሚክ ነገር ግድግዳው ላይ ታስሯል፤ አንዱ ሽቦው ተነቅሎ በቀጥታ ተቀጥሏል።" ማን እንደቀጠለው አያውቅም፤ ከሱ በፊት የነበረው ሰው መሆን አለበት። ፑንቲናው ለምን ቶሎ ቶሎ እንደሚበላበት ያኔ ገባን። ሽቦውን ወደ ቦታው መለሰው፣ አዲስ ፑንቲና በ0.4 አስገባ። ኢግኒተር 2ን አዟል፤ እስኪደርስለት በዚያው እየነዳ ነው።