አባቴን ይዤ ፎርት ፑላስኪን ለማየት፦ ምክራችሁን እፈልጋለሁ

ሄለን (ለገጣፎ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። በሐምሌ አባቴን ይዤ አትላንታ እህቴ ዘንድ ልሄድ ነው። አባቴ በመድፈኛ ክፍል አገልግለው ጡረታ የወጡ ናቸው። ሳቫና ከተማ አጠገብ ረግረግ መሀል ስላለው የድሮ የባሕር ጠረፍ ምሽግ ሰምተው «ሳላየው አልመለስም» ብለዋል። ጉልበታቸውን ግን ያማቸዋል። ይችሉት ይሆን? ምንስ ብንይዝ ይሻላል?

ሰብለ (አትላንታ)፦
እንኳን ደህና መጣችሁ! ከዚህ ሳቫና በመኪና 4 ሰዓት ያህል ነው፤ ከዚያ የታይቢ ደሴትን መንገድ መያዝ ነው። የራሳችሁ መኪና ይኑራችሁ። የሐምሌ ወበቅ ስለማይቻል በጠዋት ግቡ። ዙሪያው ጨፌ ነው፤ ትንኙ ፋታ አይሰጥምና እጅጌ ረጅም ልብስና የሚቀባ መከላከያ ያዙ።

የታሪክ ወዳጅ፦
ለአባትሽ ይህን ንገሪያቸው። ምሽጉ የቆመው ጭቃው ውስጥ በተተከለ ግንድ ላይ ነው። ወደ 25 ሚሊዮን ጡብ ፈጅቷል፤ የግንቡ ውፍረት ከ2 ሜትር ይበልጣል። የዘመኑ መድፍ ከታይቢ ሆኖ አይጎዳውም ተብሎ ይታመን ነበር። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ምሽጉ በደቡቦቹ እጅ ነበር፤ በሚያዝያ 1862 እ.ኤ.አ. ግን የሰሜኑ ጦር የአፈሙዙ ውስጥ ጥምዝ መስመር ያለው አዲስ መድፍ አምጥቶ ደበደበው። በ30 ሰዓት ውስጥ የደቡብ ምሥራቁ ማዕዘን ተናደ፤ በፍራሹ በኩል የሚያልፈው አረር የባሩዱን ግምጃ ቤት ሊያጋየው ሲል አዛዡ እጁን ሰጠ። ከሁለት ቀን በኋላ የሰሜኑ ጄኔራል ሃንተር በምሽጉና ምሽጉ ባለበት ደሴት የነበሩት ባሮች ነፃ ናቸው ብሎ አወጀ። እኛ አገር አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ መድፍ ለማሠራት የሚደክሙበት ዘመን መሆኑ ነው።
ያንን ማዕዘን በውጭ ዞራችሁ ሳታዩ እንዳትመለሱ። የተጠገነበት ጡብ ከሌላው ቀላ ይላል፤ ግንቡ ላይ እንደተሰኩ የቀሩ አረሮችም እስከ ዛሬ አሉ።

ኪሮስ፦
እናቴን ወስጃቸው ነበር። ግቢው ሜዳ ነው፤ ድልድዩን ተሻግረው የታችኞቹን ክፍሎች ደረጃ ሳይወጡ ያያሉ። ወደ ላይ የሚያስወጣው ደረጃ ግን ጠመዝማዛ ነው፤ ላይኛው ዳርም መደገፊያ የለውም። እሱ ይቅርባቸው።

አቤል (ሳቫና)፦
ባሕሩ ከወትሮው አልፎ የሚሞላበት ቀን አለ፤ ያን ጊዜ ውሃው መንገዱን ይሸፍነዋል። ከመነሣታችሁ በፊት የሚሞላበትን ሰዓት እዩ።

ሄለን፦
እግዜር ይስጥልኝ። አነበብኩላቸው፤ «የዚያ መድፍ አፈሙዝ ስንት ሚሊ ሜትር ነው?» አሉኝ።

የታሪክ ወዳጅ፦
ከተተኮሱት አንዱ ፓሮት የሚባለው ባለ 30 ፓውንዱ (የአረሩ ክብደት ማለት ነው) ነው፤ 107 ሚሊ ሜትር ገደማ በያቸው።