የአሪዮስቶ የነሐስ ሜዳልያ፦ ጀርባው ላይ የሚቃጠለው ቀፎ ምንድነው?

የፒያሳ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ዲሲ አንድ ሙዚየም ገብቼ የጣልያን የድሮ ሜዳልያዎች ያሉበት ጋ ስደርስ አንዱ ፊት ቆሜ ቀረሁ። መዳፍ ውስጥ የሚገባ ክብ ነሐስ ነው፣ ባንድ በኩል ጺማም ሰውዬ በጎኑ ይታያል፣ ዙሪያውን ሉዶቪኮ አሪዮስቶ ገጣሚ ተብሎ በላቲን ተጽፏል። ጀርባው እንዲታይ ደሞ ሌላ ቅጂ ገልብጠው አጠገቡ አስቀምጠዋል፣ እሱ ላይ ቀፎ አለ፣ እሳት ይነዳል፣ ንቦቹ እየወጡ ይበተናሉ፣ ጽሁፉ ፕሮ ቦኖ ማሉም ይላል። ገጣሚ ለማክበር በተሰራ ነገር ላይ ንብ ማቃጠል ምን ይባላል? አባቴ ንብ አናቢ ስለሆነ ነው መሰለኝ እስካሁን ከጭንቅላቴ አልወጣልኝም። ደሞስ ሜዳልያ ለሯጭና ለወታደር አይደለም እንዴ የሚሰጠው?

ታሪክ ወዳድ፦
እህቴ ላቲኑ ስለ በጎ ክፉ ማለት ነው፣ በኛ ወርቅ ላበደረ ጠጠር። ንቧ ማሩን ሰርታ ሰጠች፣ የተከፈላት እሳት ነው። ቃሉ የአሪዮስቶ የራሱ መፈክር ነው፣ ኦርላንዶ ፉሪዮሶ የሚባለው ረጅም የባላባቶች ግጥሙ በፈረንጅ 1516 ፈራራ ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታተም መጽሐፉ ላይ አለ። ከ1503 ጀምሮ ለካርዲናል ኢፖሊቶ ዴስቴ ሲላላክ ኖሯል፣ ጳጳስ ዩልዮስ ሁለተኛ ዘንድ ተልኮ ውሃ ውስጥ እንጥልሃለን ብለው እስኪዝቱበት ድረስ፣ ግጥሙንም ያበረከተው ለዚሁ ካርዲናል ነው። በ1517 ካርዲናሉ ወደ ሃንጋሪ ሲሄድ አልከተልም ስላለ ተጣልተው ተለያዩ። መፈክሩ ከጸቡ በፊት ስለታተመ በዚያ ምክንያት መጣ ማለት አይቻልም፣ ግን ያን ሁሉ ዓመት ያገለገለ ሰው እንዲህ ሲጽፍ ሆዱ ውስጥ የነበረው ይገባኛል።

ሜዳልያው ሽልማት አይደለም። ያኔ የሰው መልክ በነሐስ አስቀርጾ ለወዳጅ መስጠትና ማስቀመጥ ነበር ልማዱ፣ ፊቱ መልክህን ጀርባው ደሞ ሐሳብህን ይይዛል። የጀመረው ሰዓሊው ፒዛኔሎ ነው፣ የቢዛንቲኑ ንጉሥ ዮሐንስ 8ኛ በ1438 ለጉባኤ ፈራራ ሲመጣ የሱን ሰራ። ያ ጉባኤ ኋላ ፍሎረንስ ሲዛወር ነው የኛ መነኮሳት በ1441 ከኢየሩሳሌም ተነስተው የተገኙበት።

ብረት አቅላጭ፦
እኔ ስለ አሰራሩ ልጨምር። አያቴ መስቀል ሰሪ ነበር፣ በሰም ቀርጾ በጭቃ ሸፍኖ ሰሙን አቅልጦ ያፈሰዋል፣ በቦታው የቀለጠ ብረት ሞልቶ ጭቃውን ይሰብራል፣ ስለዚህ አንድ ቅርጽ አንድ መስቀል ብቻ ነው የሚሰጥህ። እነሱ ግን ሰሙን ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይሰሩና በደቃቅ አፈር ላይ አትመው ነሐሱን ያፈሱበታል፣ በኋላ ከተሰራው ሜዳልያ ላይም እንደገና አትሞ ሌላ ማውጣት ይቻላል። ነሐስ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፣ የቅጂ ቅጂ በወጣ ቁጥር በጥቂቱ እያነሰ፣ የጺሙና የፊደሉ ጠርዝ እየደበዘዘ ይሄዳል። ሁለት ጎን ለጎን ካየሽ ትልቁና ፊደሉ የጠራው ብዙ ጊዜ ወደ መጀመሪያው የሚቀርበው ነው። ሌላም የአሪዮስቶ ሜዳልያ አለ፣ ዶሜኒኮ ፖጊኒ የሚባል ሜዳልያ ሰሪ ሰራው የሚባል፣ ጀርባው ላይ እጅ በመቀስ የእባብ ምላስ ሲቆርጥ ይታያል፣ ጽሁፉ ያው ነው። ፖጊኒ የተወለደው 1520 ነው፣ አሪዮስቶ የሞተው 1533፣ አሪዮስቶ ፊቱ ተቀምጦ መልኩን አላስቀረጸውም ማለት ነው።

የጣና ልጅ፦
ይሄ ገጣሚ እኮ ስለኛም ጽፏል እንዴት ማንም አላነሳውም! ኦርላንዶ ፉሪዮሶ 33ኛው ክፍል ላይ አስቶልፎ የሚባለው ባላባት በክንፋም ፈረስ በሮ ኢትዮጵያ ይደርሳል፣ ንጉሡ ሴናፖ ይባላል፣ በበትረ መንግሥት ፈንታ መስቀል ይይዛል፣ ፈረንጆቹ ቄሱ ዮሐንስ የሚሉት እሱን ነው። የግብጹ ሱልጣን ዓባይን እንዳያስቀይርበት ይገብርለታል ይላል። ንጉሡ ዓይነ ስውር ነው፣ ማዕድ በቀረበ ቁጥር የሴት ፊት ያላቸው ወፎች መጥተው ምግቡን ይነጥቁታል ያረክሱታልም፣ አስቶልፎ ቀንደ መለከቱን ነፍቶ አባረራቸው። ከዛ ነው ወደ ጨረቃ ወጥቶ ያበደውን የግጥሙን ጀግና የኦርላንዶን አእምሮ የሚያመጣው። እንግዲህ ያንን ሁሉ የጻፈ ሰውዬ ኢትዮጵያን ረግጦ አያውቅም፣ የሰማው ግን መስቀልና ዓባይ ነው፣ እኔ ይሄን ሳነብ አልቅሻለሁ።

የፒያሳ ልጅ፦
እናንተ ልጆች እግዜር ይስጥልኝ። ፎቶውን ለአባቴ ልኬለት ነበር ዛሬ ደወለ፣ ታሪኩን ሳልነግረው በፊት ያለኝን ልጻፍላችሁ፦ «እሳቱን እታች ድረስ አስጠግተውታል። እኛ በማታ ጭስ ብቻ ነው የምናጨስላቸው፣ እሳት ከነካቸው ክንፋቸው ይቃጠላል ተመልሰውም አይገቡም። ይሄ ማር ቆረጣ አይደለም ልጄ፣ ይሄ ማባረር ነው።»