የሕፃን ዱቄት ወተት ከቀረጥ ነፃ ይግባ ወይስ የወሊድ ፈቃድ ይርዘም?

አወያይ፦ የዛሬው ርዕስ የሕፃን ዱቄት ወተት ዋጋ ነው። ደመወዝና የቆርቆሮ ወተት ከተለያዩ ቆይተዋል። አንዱ ወገን ቀረጡ ተነስቶ ዋጋው ይውረድ ይላል። ሌላው ደግሞ ዱቄት ወተት በረከሰ ቁጥር ማጥባት ይቀንሳል፣ መንግሥት የሚተወው ገንዘብ የወሊድ ፈቃድ ማራዘሚያ ይሁን ይላል። ቁጥር ይዛችሁ ግቡ፤ እርግማኑ ይቆየን።

ፋርማሲስት፦ ከሒሳቡ እንነሳ። ጡት ጨርሶ የማያገኝ ሕፃን በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎው 150 ሚሊ ሊትር ያህል ይጠጣል። 6 ኪሎ ከደረሰ 900 ሚሊ ሊትር መሆኑ ነው። አብዛኛው ወተት የሚበጠበጠው ለ30 ሚሊ ሊትር ውሃ አንድ ያልተከመረ ማንኪያ ተደርጎ ነው፤ ማንኪያዋ አራት ግራም ተኩል ገደማ ትይዛለች። ዱቄቱ ሲገባ መጠኑ ከ30 ከፍ ስለሚል ለ900ው 27 ማንኪያ ያህል ይበቃል። ስለዚህ በቀን 120 ግራም ገደማ ዱቄት ይሄዳል፣ 400 ግራሙ ቆርቆሮ ሦስት ቀን ከምናምን ነው፣ በወር 9 ቆርቆሮ። በሰፈራችሁ ያለውን ዋጋ በ9 አባዙና ከአንድ መምህር ደመወዝ ጋር አስተያዩት። ነዳጅ፣ መድኃኒትና የምግብ ዘይት ሲደጎሙ ቆይተዋል፤ ይህ ለምን ከዘይት ያንሳል?

አስመጪ፦ ቀረጡ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው አያስተውለውም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪው ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የባንኩ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ ዓመት ሳይቆይ ከ130 አለፈ። «ዶላሩ ስለጨመረ ወተቱ ጨመረ» የሚለው ግን ግማሽ እውነት ነው። ከዚያም በፊት በ57 ብር ዶላር የሚያገኝ ጥቂት ነበር፤ ዕቃው በጥቁር ገበያው ሒሳብ ነበር የሚሸጠው። ጉምሩክ ግን የሚያሰላው በባንኩ ተመን ነው። ለምሳሌ የ50,000 ዶላር ዕቃ በ57 ሲታሰብ 2.85 ሚሊዮን ብር ነው፣ በ130 ደግሞ 6.5 ሚሊዮን። 10 በመቶ ቀረጥ አለበት እንበል፤ ከ285,000 ወደ 650,000 ብር ዘለለ። መቶኛው ሳይነካ! ከላዩ የሚጣለው ታክስ ደግሞ ቀረጡ በተደመረበት ዋጋ ላይ ነው የሚታሰበው። የዋጋ ጣሪያ ይደረግ ለሚሉ ግን መልሴ አይሆንም ነው። ከመግዣ በታች ጣሪያ ከተጣለ የሚቀጥለውን ጭነት የሚያዝ አይገኝም፣ መደርደሪያው ባዶ ሆኖ ወተቱ በሻንጣ ይገባል።

አዋላጅ፦ ወንድሜ፣ ሒሳብህ ልክ ነው፤ የምትደጉመው ግን ማንን ነው? በ2019 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከ6 ወር በታች ካሉ ሕፃናት ጡት ብቻ የሚጠቡት 59 በመቶ ነበሩ። ከቀሩት ብዙዎቹ ውሃ፣ የላም ወተት ወይም አጥሚት የተጀመረላቸው እንጂ ዱቄት ወተት የሚገዛላቸው አይደሉም። ቀረጡ ቢነሳ የሚጠቀመው ከተሜው ነው። «ወተቴ አነሰ» የሚለው ቃል ደግሞ ከገበያው በላይ ቆርቆሮ ያስገዛል። ሕፃኑ በቀን 6 እና ከዚያ በላይ ሽንት ጨርቅ ካረጠበና ክብደቱ ከጨመረ ወተቱ አላነሰም። ጡት የሚሠራው በተጠባው ልክ ነው፤ ማታ ማታ አንድ ጡጦ ሲሰጥ በማግስቱ ጡቱ በዚያው ልክ ይቀንሳል፣ በሳምንቱ ጡጦው ሁለት ይሆናል።

ፋርማሲስት፦ እህቴ፣ ምክርሽ ቤት ለምትውል እናት ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከወሊድ በኋላ ያለው ፈቃድ 90 ቀን ነው። ጡት ብቻ ይጥባ የሚባለው እስከ 6 ወር። መካከሉን ማን ይሙላው? ጉልት የምትውለውና የቀን ሥራ የምትሠራውማ 90ውንም አታውቀው።

አዋላጅ፦ እሱን እኮ ነው የምልህ! ገንዘቡ እዚያ ይግባ። እስኪገባ ድረስ ደግሞ ማለብ አለ። ፓምፕ መግዛት ግድ አይደለም። እጅን ታጥቦ፣ አውራ ጣትን ከላይ፣ ሌሎቹን ከታች አድርጎ ከጡቱ ጫፍ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ኋላ መያዝ፤ መጀመሪያ ወደ ደረት መግፋት፣ ከዚያ መጭመቅ፣ መልቀቅ። ጫፉን መሳብ ያቆስላል እንጂ ወተት አያወጣም። ሁለቱን ጡት እያፈራረቁ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጃል። የታለበው ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ክፍል 4 ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ 4 ቀን ይቆያል። መብራት የሚጠፋበት ሰፈር ፍሪጁን አትመኑት። በስኒ ማጠጣት ይቻላል፤ ስኒ ከጡጦ ይልቅ ለማጠብ ይቀላል።

የሕፃናት ነርስ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፤ ግን ዋጋው የሚያደርሰውን ጉዳት አልነካችሁትም። ዋጋ ሲንር ሰው መግዛት አያቆምም፣ ያቀጥናል። ለ90 ሚሊ ሊትር ውሃ 3 ማንኪያ ሲገባው 2 ብቻ ይደረጋል፤ የሦስት ቀኑ ቆርቆሮ አምስት ቀን ያደርሳል። ወተቱ ነጭ ነው፣ ሆዱም ይሞላል። ግን ኮዴክስ በሚባለው ዓለም አቀፍ የምግብ መስፈርት 100 ሚሊ ሊትር የተበጠበጠ ወተት ከ60 እስከ 70 ኪሎ ካሎሪ መያዝ ሲገባው ወደ 45 ይወርዳል። ክብደቱ ይቆማል። ውሃው በጣም ሲበዛ ደግሞ በደሙ ያለው ጨው ይቀጥንና መፍዘዝ፣ አልፎም መንቀጥቀጥ ይመጣል። «ይጥገብ» ብሎ ማንኪያ መከመርም ያው ነው፤ የሆድ ድርቀትና የፈሳሽ ማነስ ያመጣል፣ እርግብግቢቱ ይጎደጉዳል።

ሌላው ማምለጫ የላም ወተት ነው፤ ከ12 ወር በፊት አይሆንም። ብረቱ ትንሽ ነው፣ ፕሮቲኑና ጨው ነገሩ ለኩላሊት ይከብዳል፣ አንጀትንም በጥቂት በጥቂቱ ሊያደማ ይችላል። ውሃ መቀላቀል አያድነውም፤ ካሎሪውን ይቀንሳል፣ ብረት ግን አይጨምርም።

አወያይ፦ አበጣበጡንም በዚያው ንገሪን።

የሕፃናት ነርስ፦ ዱቄቱ ከጀርም የጸዳ አይደለም። ውሃው ከ70 ዲግሪ በታች ከሆነ ክሮኖባክተርና ሳልሞኔላ የሚባሉት ባክቴሪያዎች አይሞቱም። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ሦስት ደቂቃ ይንተክተክ፣ ከወረደ በኋላም ከ30 ደቂቃ በላይ አይቆይ። ጠዋት ፔርሙዝ ላይ ተሞልቶ እስከ ማታ የሚቀዳው ለዚህ አይሆንም። ቀድሞ ውሃው ይለካ፣ ቀጥሎ ዱቄቱ፤ ማንኪያው በንጹሕ ቢላ ይስተካከል። የአንዱን ቆርቆሮ ማንኪያ ለሌላው አትጠቀሙ፣ ልካቸው ይለያያል። ጡጦውን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አቆማችሁ ካበረዳችሁ በኋላ አጠጡ። ከሁለት ሰዓት ያለፈው ይደፋ፤ ያስቆጫል፣ ግን ይደፋ።

አስመጪ፦ ከዚህ ውስጥ ገንዘብ የሚቆጥበውን አልነገራችሁም። ከልደት የሚጀመረው፣ ቆርቆሮው ላይ ቁጥር 1 የሚባለው ወተት እስከ ዓመቱ ይበቃል፤ 6 ወር ሲሞላ ወደ ቁጥር 2 መሻገር ግዴታ አይደለም፣ የዓለም ጤና ድርጅትም አያስፈልግም ብሏል። ቁጥር 3 ደግሞ ከዓመት በኋላ ስለሆነ የፈላ የላም ወተትና የቤት ምግብ ይተካዋል። ርካሹም ውዱም ቁጥር 1 የሚያሟላው የንጥረ ነገር ዝቅተኛ መጠን በአንድ መስፈርት የተቀመጠ ነው። ይህን የምለው ሸቀጡን የማስገባው ሰው ነኝ፤ ታዝባችሁ ያዙልኝ።

አዋላጅ፦ ይህን ካመንክ ከቀረጥ ነፃው ለቁጥር 1 ብቻ ይሁን፣ እስማማለሁ። አንድ ነገር ግን ይጠበቅ። በ1981 እ.ኤ.አ. የወጣው የጡት ወተት ምትክ ምርቶች ዓለም አቀፍ የግብይት ደንብ የፋርማሲ ቅናሽን፣ ስጦታን፣ ነፃ ናሙናን ይከለክላል።

ፋርማሲስት፦ ይከለክላል፤ ግን ያው አንቀጽ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ ዝቅተኛ ዋጋ የሚያመጣ የዋጋ ፖሊሲን እንደማያግድም ይናገራል። የቀረጥ ማንሳት ደግሞ ማስታወቂያ አይደለም። እናቱ የሞተችበት ሕፃን፣ ወይም ጋላክቶሲሚያ (ሰውነት በወተት ያለውን ጋላክቶስ የሚባል ስኳር መጠቀም የማይችልበት የውልደት በሽታ) ኖሮበት ከላክቶስ ነፃ ልዩ ዱቄት ወተት የሚያስፈልገው ሕፃን ምርጫ የለውም። ከኤች አይ ቪ ጋር የምትኖር እናት ግን መድኃኒቷን በአግባቡ እየወሰደች ማጥባት ትችላለች፤ ዛሬም በፍርሃት ቆርቆሮ የምትገዛ አለች።

አስመጪ፦ «ለቁጥር 1 ብቻ» ማለት በወረቀት ላይ ቀላል ነው። በታሪፍ መጽሐፉ የሕፃንና የትንንሽ ልጆች ዝግጅት ምግብ 1901.10 በሚል አንድ ቁጥር ነው የሚመደበው። ቁጥር 1፣ 2 እና 3 እዚያው ናቸው። ነፃ ሲባል ሁሉም ነፃ ይወጣል፣ የሚያተርፈውም ቁጥር 3 ነው፤ ማስታወቂያ የሚሸጠው እሱን ነውና። ከስድስቱ አሃዝ በኋላ በአገር ደረጃ ተጨማሪ ክፍልፋይ ካልተከፈተለት በስተቀር።

የሕፃናት ነርስ፦ ይከፈትለታ። ቆርቆሮው ላይ «ከልደት ጀምሮ» ተብሎ ተጽፎበታል፤ የጉምሩክ ፈታሽ ለማንበብ ላቦራቶሪ አያስፈልገውም።