ሻምፒዮኑን ቡድን መንካት ነበረበት? የሊቨርፑል የክረምት ዝውውር ክርክር

አወያይ፦
የዛሬው ጥያቄያችን አንድ ነው። ሊቨርፑል እ.ኤ.አ. በ2024-25 አራት ጨዋታ እየቀረው 20ኛውን የሊግ ዋንጫ ካረጋገጠ በኋላ በክረምቱ የዝውውር መስኮት ከ400 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ አውጥቶ ፍሎሪያን ቪርትዝን፣ አሌክሳንደር ኢሳክን፣ ሁጎ ኤኪቲኬን፣ ሚሎስ ኬርኬዝን፣ ጄረሚ ፍሪምፖንግንና ጆቫኒ ሊዮኒን አስፈረመ። በአንጻሩ ትሬንት አሌክሳንደር አርኖልድ ወደ ሪያል ማድሪድ፣ ሉዊስ ዲያዝ ወደ ባየር ሙኒክ፣ ዳርዊን ኑኔዝ ወደ አል ሂላል፣ ጃሬል ኳንሳህ ወደ ባየር ሌቨርኩሰን ሄዱ። ትናንት ማታ፣ ኅዳር 26 ቀን 2025፣ በሜዳችን አንፊልድ ላይ በሆላንዱ ፒኤስቪ 4 ለ 1 ስንሸነፍ በአሥራ ሁለት ጨዋታ ውስጥ ዘጠነኛው ሽንፈት ሆነ፤ ክለቡ ከ1953-54 ወዲህ እንዲህ ያለ ጊዜ አላየም። ያሸነፈን ቡድን በዚህ መጠን መቀየር ራሱ ስህተት ነበር ወይስ ውሳኔው ትክክል ሆኖ አፈጻጸሙ ነው የተበላሸው? አሰልጣኙ ስሎት ይባረር የሚለው ጉዳይ ለሌላ ቀን ይቆየን።

ጋሽ ቀዩ፦
የሊቨርፑልን ውጤት በሬዲዮ እሰማ ከነበረበት ዘመን ጀምሮ ብዙ ቡድን ሲሠራና ሲፈርስ አይቻለሁ፤ እንዲህ በአንድ ክረምት የፈረሰ ሻምፒዮን ግን አላስታውስም። በ2024 ክረምት የመጣው ኪዬዛ ብቻ ነበር፣ እሱም ብዙውን ጊዜ ተቀያሪ ወንበር ላይ ነበር፣ ሆኖም ሊጉን ወሰድን። ያንን ያደረገው ተጫዋቾቹ ዓይናቸውን ጨፍነው እንኳ መተዋወቃቸው ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። ዲያዝ ባለፈው የሊግ ዘመን 13 ጎል ያገባ፣ በግራም በመሃልም የሚጫወት፣ ሰውነቱን የማይሰስት ልጅ ነበር። አሁን በሙኒክ ማሊያ ፓሪስ ሄዶ በፒኤስጂ ላይ ሁለት ጎል ሲያስቆጥር እኛ ቴሌቪዥን ላይ እያየን እናጨበጭባለን።

ሒሳብ ሹሙ፦
ጋሼ፣ ለእርስዎ ያለኝ አክብሮት እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ተረቱ ለዚህ ጉዳይ የሚገጥም አይመስለኝም፤ የብብቱም ራሱ ሊወድቅ ነበርና። የትሬንት ውል በሰኔ ወር መጨረሻ የሚያልቅ ነበር፤ ክለቡ ማድሪድ ለዓለም ክለቦች ዋንጫ ቀደም ብሎ እንዲወስደው ፈቅዶ ወደ 10 ሚሊዮን ዩሮ ማግኘቱ እንደ ትርፍ የሚቆጠር ነው። ዲያዝ 28 ዓመት ሞልቶት፣ ውሉ ሁለት ዓመት ቀርቶት፣ እሱም መሄድ ፈልጎ ነበር፤ በዚህ ሁኔታ ከ60 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ የሚከፍል ገዢ ሲመጣ እምቢ ማለት በሚቀጥለው ክረምት በግማሽ ዋጋ መሸጥ ማለት ነው።

ስለ ወጪውም ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። የዝውውር ዋጋ በክለቡ መዝገብ ላይ በአንድ ጊዜ አይመታም፤ በውሉ ዘመን ላይ ይከፋፈላል፣ በፕሪሚየር ሊጉ ደንብ ደግሞ ቢበዛ በአምስት ዓመት። ስለዚህ የኢሳክ 125 ሚሊዮን በየዓመቱ 25 ሚሊዮን ሆኖ ይመዘገባል። በሌላ በኩል ኳንሳህና በረኛው ኬሌኸር ከክለቡ አካዳሚ የወጡ ስለሆኑ የተሸጡበት ገንዘብ እንዳለ ትርፍ ነው። ኑኔዝ እንኳን በ2022 በ64 ሚሊዮን ተገዝቶ፣ የስድስት ዓመት ውሉ ግማሽ አልቆ፣ በ46 ሚሊዮን አካባቢ ሲሸጥ በመዝገብ ትርፍ አስገኝቷል። ይህ የጥንቃቄ ሥራ እንጂ ዋንጫ ያሰከረው ሰው ሥራ አይደለም።

ታሪክም ከእርስዎ ጋር አይስማማም። በ1987 ኢያን ረሽ ወደ ጁቬንቱስ ሲሄድ ጆን ባርንስና ፒተር ቤርድስሊ መጡ፣ ከጥር ወር ጀምሮ አጥቂው ጆን አልድሪጅ ነበር፣ ሬይ ሃውተንም ተጨመረ። ያ አዲስ የአጥቂ መስመር በ1987-88 ሊጉን ሲወስድ ከመጀመሪያው ጀምሮ 29 የሊግ ጨዋታ ሳይሸነፍ ተጓዘ።

ጋሽ ቀዩ፦
ልጄ፣ በራሴ ዘመን ልታሸንፈኝ አትሞክር! የዚያን ጊዜ የተነካው የፊት መስመሩ ብቻ ነው። ከኋላ ግሮበላር በረኛ ነው፣ ሃንሰን አለ፣ ጊሌስፒ አለ፣ ኒኮል አለ፤ ባርንስ ኳስ ቢያጣ እንኳ ከኋላው የቆመው ሰው ምን እንደሚያደርግ የታወቀ ነው። ዘንድሮ ግን የቀኙም የግራውም መስመር ተከላካይ በአንድ ክረምት ተቀየረ፣ ከፊታቸው የነበረው የክንፍ ተጫዋችም ተሸጠ። ቤት የሚታደሰው ክፍል በክፍል ነው እንጂ ጣሪያውንም ግድግዳውንም በአንድ ቀን አፍርሶ ክረምት የሚጠብቅ የለም።

የመስመር ተከላካዩ፦
ጋሼ የነኩት ነገር ዋናው ይመስለኛል፣ ግን ከሜዳው አንጻር ላብራራው። በወጣትነቴ በግራ መስመር ተከላካይነት ስጫወት የተማርኩት ነገር ቢኖር፣ የመስመር ተከላካይ ጥሩነትና መጥፎነት ግማሹ በራሱ እግር፣ ግማሹ ደግሞ ከፊቱ ባለው ተጫዋች እንደሚወሰን ነው። ከፊቴ ያለው ልጅ ተመልሶ ሲያግዘኝ ጎበዝ ነበርኩ፤ ሳይመለስ ሲቀር ግን ሁለት ሰው ይመጣብኝና ከተመልካች የሚደርሰኝን ስድብ ባልናገር ይሻላል።

አሁን ሊቨርፑልን ተመልከቱ። ባለፈው ዓመት ሞሐመድ ሳላህ 29 ጎልና 18 ለጎል የሚሆኑ ኳሶች ሲያስመዘግብ ወደ ኋላ ብዙ እንዳይመለስ ተፈቅዶለት ነበር። የተፈቀደለት ሌሎቹ ስለሚሮጡለት ነው፤ ዲያዝ ከፊት የተጋጣሚን ተከላካይ ያስጨንቃል፣ ሶቦስላይ ከኋላው ሆኖ ሁለት ሰው የሚሠራውን ይሠራል፣ ማክ አሊስተርና ግራቨንበርች ክፍተቱን ይዘጋሉ። በክረምቱ ያጣነው የዲያዝን ጎል ብቻ አይደለም፤ ሩጫውን ነው፣ የሩጫ ዋጋ ደግሞ በዝውውር ዜና ላይ አይጻፍም። ቪርትዝ በአሥር ቁጥር ቦታ፣ ማለትም ከአጥቂው ኋላ፣ ሲገባ ሶቦስላይ ወደ ኋላ ወይም ወደ ቀኝ መስመር ተከላካይነት ተገፋ፣ መሃሉም ሳሳ።

ምልክቱ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ታይቷል። ከቦርንማውዝ ጋር 2 ለ 1 እየመራን ሳለ ሴሜንዮ ሁለተኛውን ጎል ያገባበትን መንገድ አስታውሱ፤ ኳሷን ከራሱ ሜዳ ይዞ እስከ ሳጥናችን ጫፍ ድረስ ሲነዳት አማካዮቻችን ከኋላው እየተከተሉት ነበር፣ ከፊቱ የቆመ ግን አልነበረም። 4 ለ 2 ስላሸነፍን ማንም አላነሳውም። ኒውካስልን በ100ኛው ደቂቃ በ16 ዓመቱ ንጉሞሃ ጎል አሸነፍን፤ በርንሌይን በ95ኛው ደቂቃ በፍጹም ቅጣት ምት፤ አርሰናልን በሶቦስላይ ቅጣት ምት። አምስቱን የመጀመሪያ የሊግ ጨዋታዎች አሸንፈን የተኛነው በደቂቃዎች ቸርነት ነው። በኋላ ያው ደቂቃ ዞሮብን ክሪስታል ፓላስ በ97ኛው፣ ቼልሲ በ95ኛው ደቂቃ ቀጡን።

ቀይዋ እህት፦
በዚህ ትንታኔ ላይ ሁለት ነገር ልጨምር። የመጀመሪያው ለእኛ ለራሳችን ነው። ኢሳክ ስቶክሆልም አጠገብ ሶልና ከኤርትራውያን ወላጆች የተወለደ ልጅ በመሆኑ ብዙዎቻችን ዝውውሩን በአእምሮ ሳይሆን በደም የደገፍነው ይመስለኛል። እኔም ከእነዚያ አንዷ ነኝ፤ በፈረንጆቹ መስከረም አንድ፣ ዝውውሩ በተፈጸመበት ቀን፣ ስልኬን እጄ ላይ ይዤ ነው ያደርኩት። በኒውካስል ሳለ በ2024-25 በሊጉ 23 ጎል አግብቷል፣ በመጋቢት የካራባኦ ዋንጫ ፍጻሜም እኛው ላይ አስቆጥሯል፤ ችሎታው አያጠያይቅም። ነገር ግን ለመልቀቅ ሲል የቅድመ ውድድር ዝግጅቱን ሙሉ ብቻውን ያሳለፈ አጥቂ በመስከረም መጥቶ ወዲያው ሮጦ ይጫወታል ብሎ መጠበቅ ከዘመድነት የመጣ ተስፋ ነበር። እስከ ትናንት ድረስ በሊጉ አንድም ጎል የለውም። ኤኪቲኬ ከሐምሌ ጀምሮ ከቡድኑ ጋር በመዘጋጀቱ ልዩነቱን እያየነው ነው።

ሁለተኛው በሒሳብም በስልትም የማይለካ ነው። አጥቂያችን ዲዮጎ ጆታ ሐምሌ 3 ቀን 2025 ከወንድሙ ጋር በስፔን በመኪና አደጋ ሕይወቱ ሲያልፍ ልምምድ ሊጀመር ጥቂት ቀናት ነበር የቀሩት። 20 ቁጥር ማሊያው ዳግም እንዳይለበስ ተወስኗል፣ በየጨዋታው 20ኛው ደቂቃ ላይ ስሙ ይዘመራል። አዲስ የመጣው ተጫዋች ለቅሶ ቤት ገብቶ ነው ቦታውን የፈለገው። ስለ «ቡድን መዋሐድ» ስንጽፍ ይህን መርሳት ትክክል አይመስለኝም።

የቨርጂኒያው፦
እህቴ ስለ ጆታ ያለችው እውነት ነው፤ ክለቡን ከወቀሳ ነጻ የሚያወጣው ግን አይመስለኝም። የእኔ ክስ ሌላ ቦታ ነው። ለአጥቂዎችና ለአንድ አሥር ቁጥር ወደ 300 ሚሊዮን ፓውንድ የከፈለ ክለብ ለመሃል ተከላካይ ያዋለው ለ18 ዓመቱ ሊዮኒ የተከፈለውን 26 ሚሊዮን ነው። ልጁ በመጀመሪያ ጨዋታው ከሳውዝሃምፕተን ጋር የጉልበት ጅማቱ ተበጠሰ። የፓላሱ መሃል ተከላካይ ማርክ ጉኤሂ በ35 ሚሊዮን አካባቢ ተስማምቶ፣ የሕክምና ምርመራውን ሁሉ ጀምሮ፣ ፓላስ ተተኪ ባለማግኘቱ በመጨረሻው ቀን ምሽት ስምምነቱ ፈረሰ። ኳንሳህን ቀድሞ የሸጠ፣ የኮናቴ ውል በ2026 እንደሚያልቅ የሚያውቅ፣ የ34 ዓመቱን ቫን ዳይክ ያለ ዕረፍት የሚያጫውት ክለብ ይህን ዝውውር እንዴት እስከ መጨረሻው ሰዓት ያቆየዋል? ደግሞ ይህ አዲስ ጥፋት አይደለም። በ2020-21 ቫን ዳይክ፣ ጎሜዝና ማቲፕ ተራ በተራ ሲጎዱ ሻምፒዮኑ ቡድን አማካዮችን በተከላካይነት እያሰለፈ አንፊልድ ላይ በተከታታይ ስድስት የሊግ ጨዋታ ተሸንፎ ነበር።

ብሬንትፎርድ በአምስተኛው ደቂቃ ያገባብንን ጎል እንደገና እዩት። ረጅም የእጅ ውርወራ፣ አንድ የጭንቅላት ንክኪ፣ ከዚያ ዋታራ ብቻውን ቆሞ መታት። ያንን ጎል ቪርትዝም ኢሳክም አይከላከሉትም።

ሒሳብ ሹሙ፦
የጉኤሂን ጉዳይ ተሸንፌያለሁ፤ 35 ሚሊዮኑን በሐምሌ መክፈል ይሻል ነበር፣ በገንዘብም ቢሆን። ኢሳክን ለማግኘት የተደረገው የሁለት ወር ግብግብ የስፖርት ዳይሬክተሩን የሪቻርድ ሂዩዝን ትኩረት ሁሉ ሳይወስደው አልቀረም፤ ይህ ግን የእኔ ግምት ነው። ቪርትዝን ግን አልተውም። 22 ዓመቱ ነው፣ ከፍራንክፈርት ጋር 5 ለ 1 ስናሸንፍ ሁለት ጎል አመቻችቷል፤ በሊጉ እስካሁን ባዶ መሆኑ ዋጋው ላይ የሚፈረድበት ጊዜ ደርሷል ማለት አይደለም።

የመስመር ተከላካዩ፦
ቪርትዝ ላይ አልፈርድም፤ የተሰለፈበት ቦታና አብረውት ያሉት ሰዎች ላይ ነው ጥያቄዬ። በዚህ ክፉ ጊዜ መሃል ካሸነፍናቸው ጨዋታዎች ሁለቱን አስተያዩ። አስቶን ቪላን 2 ለ 0 ስናሸንፍ ከሜዳ ተጫዋቾቹ ውስጥ አዲስ የነበረው ኤኪቲኬ ብቻ ነው፤ ብራድሊ በቀኝ፣ ሮበርትሰን በግራ፣ መሃሉ ያለፈው ዓመት መሃል። ሪያል ማድሪድን 1 ለ 0 ስናሸንፍም ያው መስመር ነበር፣ ብራድሊ ቪኒሲየስን ያቆመበት ሌሊት። ቪርትዝ ግን በዚያ ጨዋታ ከመጀመሪያው ነበረ፤ በግራ ክንፍ፣ ከኋላው ሮበርትሰን፣ ከጎኑ ደግሞ ሶቦስላይ በአሥር ቁጥር። ልጁ የሚሮጥለት ሰው ሲያገኝ አልከበደውም።

ጋሽ ቀዩ፦
ይኸው እንግዲህ፣ የነባሮቹን ዋጋ ራስህ መሰከርክ። ስለዚህ ዲያዝ መሸጥ አልነበረበትም ማለት ነው።

የመስመር ተከላካዩ፦
ዲያዝን በዚያ ዋጋ እኔም እሸጠው ነበር፣ ጋሼ፤ የማልስማማው በምትኩ የሚሮጥ የግራ ክንፍ ተጫዋች ሳይገዛ መቅረቱ ላይ ነው። በግራ ክንፍ ለሚጫወተው ለጋክፖ ያለው ምትክ አሁን 17 ዓመት የሞላው ንጉሞሃ ብቻ ከሆነ የተሸጠው ሰው ቦታ ባዶ ነው። በትሬንትም ቦታ ያው ነው፤ ፍሪምፖንግ ሌቨርኩሰን እያለ ብዙውን ጊዜ ከኋላው ሦስት ተከላካይ ቆሞለት በክንፍ የሚሮጥ ተጫዋች ነበር፣ እዚህ ግን በአራት ተከላካይ መስመር ውስጥ ገብቶ ጀርባውን ጠብቅ ተባለ።

የቨርጂኒያው፦
እሑድ ዌስት ሃም ሜዳ ላይ ማንን ታሰልፋለህ ታዲያ? ብራድሊም ፍሪምፖንግም ተጎድተዋል፤ ትናንት ከርቲስ ጆንስ ነበር የቀኝ መስመር ተከላካይ።

የመስመር ተከላካዩ፦
ጎሜዝ በቀኝ፣ ሮበርትሰን በግራ፣ ሶቦስላይ ወደ መሃል ይመለስ፣ ቪርትዝ ከአንድ አጥቂ ኋላ። ሳላህን ለአንድ ጨዋታ ተቀያሪ ወንበር ላይ ባስቀምጠው አልፈራም፤ ጋሼ እንደሚቆጡኝ ግን አውቃለሁ።

ጋሽ ቀዩ፦
ሳላህን? ዲያዝን ሸጣችሁ አሁን ደግሞ ሳላህን ወንበር ላይ? እሑድ ጨዋታው ካለቀ በኋላ እንነጋገራለን።