ከአንኮበር ጓሳ ስንት ነው? በመኪናና በአየር

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት እንግዶች ከአንኮበር ተነሥተው መንዝ ያለው የጓሳ ጥብቅ ስፍራ መግባት ይፈልጋሉ። ኬክሮሱን (የሰሜን–ደቡብ ልኬቱን) ለአንኮበር 9.35፣ ለጓሳ ደቡባዊ ጫፍ 10.15 ብዬ አስልቼ 88 ኪሎ ሜትር አገኘሁ። በመኪና ስንት ሰዓት ይወስዳል? ሄሊኮፕተር ቢከራዩስ?

ካርታ ወዳድ፦
ወንድሜ፣ ስሌቱ ገና ከመነሻው ተሳስቷል። የአንኮበር ኬክሮስ 9 ዲግሪ ከ35 ደቂቃ ነው እንጂ 9.35 አይደለም። ደቂቃውን ለ60 አካፍለው፤ አንኮበር 9.58፣ ጓሳ 10.25 ይሆናል። በ9.35 የሄደ ሰው ከአንኮበር 26 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ይወርዳል። ልዩነቱ 40 ደቂቃ ነው፤ አንድ ዲግሪ ኬክሮስ እኛ ጋ 110.6 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ቀጥታው ወደ 74 ይመጣል። ኬንትሮሳቸው (የምሥራቅ–ምዕራብ ልኬታቸው) ተቀራራቢ ነው፣ ተወው።

የጣርማ በር መንገደኛ፦
74 ለአሞራ ነው። በዋናው መንገድ መጀመሪያ ወደ ኋላ ደብረ ብርሃን ትመለሳለህ፣ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከዚያ ጣርማ በር፣ ከዚያ ወደ ግራ ታጥፈህ በገደሉ አፋፍ ወደ ሰሜን። በድምሩ 175 አካባቢ። ሰዓቱን ከርቀቱ አትቁጠር፤ ጠጠር በሆነበት ክፍል በሰዓት ከ30 እስከ 35 ብትነዳ ነው፣ ስለዚህ 5 ሰዓት ያዝ፣ ክረምት ከሆነ ጨምርበት።
መታጠፊያውን ልብ በል፦ መንገዱ ተራራውን ሰንጥቆ የሚያልፍበት የጣርማ በር ዋሻ ሳይደርስ ነው። ዋሻው ውስጥ ከገባህ አልፈኸዋል፤ ወዲያ ማዶ ቁልቁለቱ ደብረ ሲና ያወርድሃል፣ ጭጋግ ካለ ደግሞ መዞሪያ ፍለጋ ራሱ ጣጣ ነው።

ካርታ ወዳድ፦
ወደ አየሩ ልምጣ። ሰሜን ሸዋ ውስጥ መደበኛ የመንገደኛ በረራ የለም፤ ሄሊኮፕተሩ የሚነሣው ከቦሌ ነው ብለህ አስብ። በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ቢበር ከአንኮበር ጓሳ 22 ደቂቃ ነው። ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። ከቦሌ አንኮበር 122 ኪሎ ሜትር፣ 37 ደቂቃ፤ ከጓሳ ወደ ቦሌ መመለሻው 175፣ 52 ደቂቃ ተኩል። ሒሳቡ የሚቆጠረው በጠቅላላው ነው፣ 1 ሰዓት ከ50 ያህል፣ መነሻና ማረፊያው ሳይታሰብ።
ሌላው ከፍታው ነው። ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ እዚያ ላይ የአየሩ እፍጋት ከባሕር ጠለሉ 70 በመቶ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ክንፉ የሚጨብጠው አየር ሲያንስ ሞተሩም ይደክማል፣ ስለዚህ ሻንጣ ወይም ነዳጅ ይቀነሳል። ከአፋር በኩል የሚመጣው ነፋስ ገደሉን ሲመታ ሽቅብ ስለሚወጣ ደመናው አፋፉ ላይ ይተኛል። ያኔ 22 ደቂቃው ወሬ ነው።

ጠያቂ፦
ገባኝ፣ ሄሊኮፕተሩ ቀረ። በሕዝብ ትራንስፖርትስ በአንድ ቀን ይገባሉ?

የጣርማ በር መንገደኛ፦
አይመከርም። የአንኮበሩ መኪና ሞልቶ ነው የሚነሣው፤ ደብረ ብርሃን ሲደርሱ በጓሳ በኩል አልፎ መሐል ሜዳ ከተማ የሚሄደው አውቶቡስ ሄዶ ይሆናል። ደብረ ብርሃን አድረው በማለዳ መናኸሪያ ይገኙ። ቲኬቱን እስከ መሐል ሜዳ ይቁረጡና ጓሳ ላይ አውርደን ብለው ለረዳቱ ቀድመው ይንገሩት፤ ሻንጣቸው ጣሪያ ላይ ከታች ከተጫነ አወራረዱ ራሱ ግማሽ ሰዓት ይበላል።