የአባባ ባለ ሦስት ድንጋይ ባትሪ ይድናል? ለእናቴስ የቱን ልግዛላት?

የደሴዋ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት ነገር ልጠይቃችሁ።

የእናቴን ቤት ስናጸዳ ሳጥን ውስጥ የአያቴን የእጅ ባትሪ አገኘሁት። አባባ ሃያ ምናምን ዓመት የመጋዘን ዘበኛ ነበሩ። ከካፖርታቸውና ከዱላቸው ጋር ሁሌም የማስታውሰው ይሄንን ባትሪ ነው። ባለ ሦስት ድንጋይ፣ ረጅም፣ የሚያብለጨልጭ ብረት። ጭንቅላቱ አንድ ቦታ ላይ ጎድጎድ ብሏል። ማታ መብራት ሲጠፋ እኛን ልጆቹን በሙሉ አስከትለው ሽንት ቤት የሚወስዱን በሱ ነበር።

ችግሩ ድንጋዩ ውስጡ ተረስቶ ፈሷል። ክዳኑን በግድ ስፈታው ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ወጣ። ሁለቱ ድንጋዮች ወጡ፣ ሦስተኛው ተጣብቆ ቀረ። ወንድሜ በመዶሻ ልምታው ሲል ነጠቅኩት። ይድናል ወይ?

ሁለተኛው፦ እናቴ ከከተማ ወጣ ብላ ነው የምትኖረው። ማታ ማታ ከብት ለማየት ትወጣለች። በአንድ ዓመት ሦስት ርካሽ ባትሪ ገዛሁላት። አንዱ ሶኬት ላይ የሚሰካ ነበር፤ ክረምቱን ሳይሰካ ከርሞ ጭራሽ አልበራም አለ። የአንዱ ማብሪያ ተገንጥሎ ወደ ውስጥ ገባ። ሦስተኛው አውራ ጣት የሚያህል ቻርጅ የሚደረግ ድንጋይ አለው፤ ላዩ ላይ 9900 ተብሎ ተጽፎበት አንድ ሰዓት እንኳ አይቆይም። ምን ልግዛላት?

ባለባትሪው፦

ልጄ፣ መዶሻውን መንጠቅሽ ደስ ብሎኛል። እኔ 47 የእጅ ባትሪ አለኝ። አብዛኛውን ያገኘሁት መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ነው። ከመካከላቸው ተመትቶ የዳነ አንድም የለም።

መጀመሪያ ማግኔት አስጠጊበት። ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ይበቃል። ካልያዘው አብዛኛውን ጊዜ ናስ ነው፤ ናስ ታጥቦ ይድናል። ከያዘው ግን ብረት ነው፤ ያኔ ዝገቱ ምን ያህል እንደበላው ማየት ነው።

ብዙ ሰው የሚፈሰው መጥፎ ድንጋይ ብቻ ይመስለዋል። የድሮው ድንጋይ ቆርቆሮው ራሱ ዚንክ ነው። ኃይል የሚሰጠው ያ ዚንክ እየተበላ ነው። እየሳሳ ሄዶ በመጨረሻ ይበሳል። ስለዚህ ደኅናውም ቢሆን ተረስቶ ከከረመ ይፈሳል።

አሁን ጓንት አድርጊ። የፊቱንም የኋላውንም ክዳን ፍቺ። አምፖሉንና አንጸባራቂውን አውጥተሽ ለብቻ አስቀምጪ። አንጸባራቂውን በጨርቅ እንዳትነኪው፤ የድሮ ሽፋን አንዴ ሲታሽ ይጫጫራል። አቧራውን እፍ ማለት ይበቃል። ቱቦውን ለብ ባለ ውኃና ቤኪንግ ሶዳ ዘፍዝፈሽ አሳድሪው። የድሮው ድንጋይ ፈሳሽ አሲድነት ስላለው ሶዳው ያረክሰዋል። ድንጋዩ ላይ አልካላይን የሚል ካነበብሽ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ያኔ የሚያስፈልግሽ አቼቶ ወይም ሎሚ ነው። ጠዋት በጭንቅላቱ በኩል የመጥረጊያ እንጨት አስገብተሽ ቀስ ብለሽ ወደ ኋላ ግፊው። እምቢ ካለ መልሰሽ ዘፍዝፊው። እኔ አንዱን ስድስት ሌሊት ዘፍዝፌዋለሁ። ከዚያ ማብሪያው ውስጥ ውኃ እንዳይቀር ሁለት ቀን ፀሐይ ይምታው።

በብርጭቆ ወረቀት የሚነካው ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት ብቻ ነው፤ የሞላው ጫፍ፣ የክዳኑ ጥርስና የማብሪያው ምላስ። የላዩን ኒኬል እንዳትፈገፍጊው። የጎደጎደውንም አታቅኚው። ያ የአባባ እጅ ያለበት ነው።

አምፖሉ አንገት ላይ ቁጥር አለ። ለሁለት ድንጋይ የሚሆነው 2.5 ቮልት፣ ለሦስት ድንጋይ የሚሆነው 3.8 ቮልት ይላል። ባለ 2.5ቱን በሦስት ድንጋይ ካበራሽው ቦግ ብሎ ይቃጠላል።

ወደ እናትሽ ልምጣ። የሚሰካው ውስጡ እንደ መኪና ባትሪ የእርሳስ ባትሪ ይኖረዋል። እንዲህ ያለው ባዶውን ከከረመ ሳህኖቹ ላይ ጨው ይጋገርና አይመለስም። 9900 የሚለው የድንጋዩ አቅም ነው (በሚሊአምፒር-ሰዓት)፤ እሱ ደግሞ ውሸት ነው። አውራ ጣት በሚያህለው ድንጋይ ጥሩ የሚባለው 3500 አካባቢ ነው።

እኔ ሱቅ ስገባ ማብሪያውን ሃያ ጊዜ አበራዋለሁ አጠፋዋለሁ። በርቶ እያለ መዳፌ ላይ ጠበቅ አድርጌ አንኳኳዋለሁ። ድርግም ካለ ትቼው እወጣለሁ። ክዳኑን ፈትቼ ሞላውን በጣቴ እጫነዋለሁ፤ ተጭኖ የማይመለስ ሞላ ነገ ያበሽቃል። ከሁሉ በላይ የማየው ግን ድንጋዩ እናትሽ መንደር ባለችው ሱቅ መገኘቱን ነው። ዕቃው ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን ድንጋዩ ከሌለ ዱላ ነው።

አዋላጅ ከባሌ፦

ለእናትሽ ግንባር ላይ የሚታሰረውን ግዢላት። እኔ ጤና ጣቢያ ነው የምሠራው። አንድ ሌሊት ወሊድ ላይ እያለን መብራት ጠፋ። የእጅ ባትሪዬን በጥርሴ ነክሼ ነው ሕፃኑን የተቀበልኩት። እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ወጣ። በማግስቱ የግንባሩን ገዛሁ። እናትሽም አንድ እጇ ዱላ ይዟል፣ ሌላው ጥጃ ይስባል። ባትሪውን በምን ትይዘው?

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

እኔም ሰብሳቢ ነኝ። እዚህ አሜሪካ ብዙ ሰው የሚፈልገው ማግላይት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው ከአልሙኒየም ተቀርጾ የተሠራው። ባለ ሦስት ድንጋዩ ሲሞላ ኪሎ ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። እኔ ግን የምወደው አንገቱ የታጠፈውን የወታደር ባትሪ ነው። ደረት ላይ ይሰካል፣ እጅ ነፃ ይሆናል። የአዋላጇ ሐሳብ እዚያ ውስጥ አለ።

አዲስ ስትገዙ ካርቶኑ ላይ ኤፍኤል 1 የሚል ምልክት ፈልጉ፤ አንድ ወጥ መለኪያ ነው። ይህንንም እወቁ፦ «30 ሰዓት ይሠራል» ሲል 30 ሰዓት ሙሉ እንደ መጀመሪያው ያበራል ማለት አይደለም። ብርሃኑ ወደ አንድ አሥረኛ እስኪወርድ ያለውን ጊዜ ነው የሚቆጥረው።

ደግሞ በፈጠራችሁ፣ ባትሪ ስታስቀምጡ ድንጋዩን አውጡ። እኔ አንድ በጣም የምወደውን ያጣሁት በዚህ ነው።

የደሴዋ ልጅ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ማግኔቱ አልያዘውም፤ ናስ ነው! ድንጋዩ በሦስተኛው ሌሊት ወጣ። የድሮው አምፖል ተቃጥሎ ነበር። የኋላ ክዳኑን ሳጸዳ ግን ሞላው ውስጥ በሲጋራ ብርማ ወረቀት የተጠቀለለ ነገር አገኘሁ። መጠባበቂያ አምፖል! አንገቱ ላይ 3.8 ይላል። አባባ ናቸው ያስቀመጡት። ትናንት ማታ በራ። ብርሃኑ ቢጫ ነው፣ ልክ እንደ ድሮው።

ለእናቴ የግንባሩን ገዛሁላት፣ በትናንሾቹ ድንጋዮች የሚሠራውን። ጋሼ እንዳሉት ሃያ ጊዜ አብርቼ አጥፍቼ፣ አንኳኩቼ ነው የወሰድኩት። ሁለቱ ድርግም ብለውብኝ ትቻቸዋለሁ።

ጋሼ፣ ከማብሪያው አጠገብ ትንሽ ቀይ ቁልፍ አለች። ስጫናት ይበራል፣ ስለቃት ይጠፋል። ለምንድን ነው?

ባለባትሪው፦

እሰይ! በጣም ነው ደስ ያለኝ።

ቀይዋ ቁልፍ ለብልጭታ ናት። የእጅ ባትሪ የፈጠራ መብት አሜሪካ ውስጥ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1899 ነው። በዚያ ዘመን ድንጋዩ ደካማ ስለነበር ያለማቋረጥ ማብራት አይቻልም። ብልጭ አድርገው አይተው ያሳርፉት ነበር። ስሙም በእንግሊዝኛ «የብልጭታ መብራት» ሆኖ የቀረው በዚህ ነው ይባላል። በኋላ ድንጋዩ ሲሻሻል ቁልፏ ለምልክት መስጫ ጠቀመች። ዘበኞች ከሩቅ ይነጋገሩባት ነበር።

የደሴዋ ልጅ፦

ይህንን ለእናቴ አነበብኩላት። ዝም አለች። ከዚያ ነገረችኝ፤ አባባ ሊነጋጋ ሲል ከሥራ ሲመለሱ፣ ገና ከመንገዱ ማዶ ሆነው ወደ መስኮቱ ሁለቴ ብልጭ ያደርጉ ነበር። በሩን የምትከፍተው ያንን አይታ ነው።