የአይን ካንሰር ጉበት ሳይነካ አጥንት ይገባል እንዴ?

ሰላም ወገኖች ጨንቆኝ ነው። አባቴ እዚህ ቨርጂኒያ በ2015 ዩቪያል ሜላኖማ (አይን ውስጥ የሚነሳ ካንሰር) ተብሎ ግራ አይናቸው ወጥቷል፣ ጥቁር ሰው ላይ ብዙም አይታይም ብለው ሐኪሞቹ ራሳቸው ገርሟቸው ነበር፣ ከዛ በየስድስት ወሩ ጉበታቸው ኤምአርአይ እየታየ ንጹህ ነው ሲሉን ቆዩ። አሁን ወገቤን ወገቤን እያሉ ሌሊቱን ሲያቃስቱ ስካን ተነሱና አከርካሪያቸው ላይ እጢ ተገኘ፣ ጉበቱ ግን ምንም የለውም! በደም ሄዶ አብዛኛውን ጊዜ ጉበት ነው የሚይዘው ሲሉን አልነበር? አንዱ ዶክተር ፕሮስቴት ይሆናል ይላል፣ ፒኤስኤው (የፕሮስቴት የደም ምርመራው) ግን ኖርማል ነው። እሳቸው እንደሆነ ብርድ ነው ብለው ፌጦ እያሹ ነው። ባዮፕሲው (ከእጢው ናሙና የሚወስዱት) ሐሙስ ነው፣ ከአይኑ ካንሰር የመጣ መሆኑን ለመለየት ጂኤንኤኪው እና ጂኤንኤ11 የሚባለውን የጂን ምርመራ እንዲጨምሩ ልጠይቅ? የድሮው የአይን ናሙናስ አሁን ተፈልጎ ይገኛል? ቤተሰቡ ላይ እንዲህ የገጠመው ካለ እባካችሁ ጻፉልኝ